ያልወደድነውን ቃል ስለ መስማት



ለዕረፍት ከየዩኒቨርሲቲያችን ወደ መሰላ በተመለስን ሰሞን በጉባኤያችን ላይ ያደረግነውን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ያሰባሰብነው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያ መግዣ እንዲውል አብዛኞቻችን ተስማምተን ሳለ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «ከማጉያው በፊት ደብተር መግዛት ያቃታቸውን ልጆች እናስብ» አለ። ነገሩን ሳይጨርስ ገሚሶቻችን አጉረመረምን፤ ገሚሶቻችን እያጨበጨብን አስቀመጥነው። ከጉባኤው ስንወጣ አንድ አረጋዊ አባት፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ያ ልጅ መጨረሻ ላይ ምን ሊል ነበር?» ብለው ጠየቁን። የሚመልስላቸው ጠፋ። ወንድማችንም ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም።

እኛ በአገራችን የመናገር ነፃነት ጠበበ እያልን የምናማርር ወጣቶች ነን። ዳሩ ግን ሕግም ፖሊስም ሳያስፈልገን አንድ አፍ ዘጋን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

1. ከቅርባችን ታሪክ

ዛሬ ጭሮ የምንላትን አሰበ ተፈሪን በጨርጨር ገዥነታቸው ዘመን ያቋቋሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒሁ ሰው በዘመናዊ መልክ የተጻፈውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቴአትር፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ደርሰዋል። በእንስሳት ተረት አስመስለው የሹማምንቱን ብልሹነት ቢነቅፉ፣ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ለአገር የሚያስብ ሰው እንኳ፣ ነቀፋው ስላልተወደደ ብቻ ዝም በል ተብሏል።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የመናገርንና የጽሑፍን ነፃነት ቢያውጅም ሳንሱሩ ግን አልቀረም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። በደርግ ዘመን ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ታገደ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉን ግን ሰው በድብቅ እየተቀባበለ አነበበው። ነገሩ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36 ያለውን ያስታውሰናል። ንጉሡ ኢዮአቄም ክርታሱን በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው፤ ባሮክ ግን ከነቢዩ አፍ እየሰማ እንደ ገና ጻፈው፤ ቃሉም ከፊተኛው ይልቅ በዛ።

2. ሕጉና ኑሮው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ይከለክላል። ቢሆንም በ2001 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ጋዜጠኞችና የኢንተርኔት ጸሐፊዎች ታሠሩ። በ2010 ዓ.ም. ብዙዎች ሲፈቱ ተስፋ አደረግን። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ግን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በቤተ ክርስቲያናችን ላይ በተነሣው ችግር ሰበብ ማኅበራዊ ገጾች ለአምስት ወራት ያህል ታገዱ። ያን ጊዜ፣ «ድምፃችንን ለምን ታፈነ?» ብለን የጠየቅን እኛው ነበርን።

3. «ክፉ ቃል አገር ያፈርሳል» ለሚሉ

ይህ እውነት አለው። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ በሬዲዮ የተነገረ ቃል ሰው አስጨርሷል። ስለዚህ «ግደሉ» የሚል ቃል በሕግ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ በእኛም አገር የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ነገር ግን በሩዋንዳ ከመጀመሪያዎቹ ተገዳዮች መካከል ከራሳቸው ወገን የተለየ ሐሳብ የነበራቸው ሰዎች እንደ ነበሩ አንርሳ። «ተዉ» የሚል አፍ ከጠፋ በኋላ «ግደሉ» የሚለውን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ሰውን ለጥፋት በሚቀሰቅስ ቃልና እኛን ባላስደሰተ ቃል መካከል መለየት አለብን። ደብተር ይገዛ ማለት ጥላቻ አይደለም።

4. የአባቶች ልማድ

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ቢሉም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውንም አንዘንጋ። «እረኛ ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቅ የነበረው ከብት ጠባቂው ያየውን ባለሥልጣኑ ላያየው ስለሚችል ነው። በእኛም አካባቢ፣ በእድሩም ሆነ በአፎሻው፣ ሽማግሌ ፍርድ የሚሰጠው ሁለቱንም ወገን እስከ መጨረሻ ሰምቶ ነው። አንዱን ብቻ ሰምቶ የፈረደ ሽማግሌ ዳግመኛ አይጠራም። ታዲያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮሞውና አማራው አብሮ በሚኖርባት በመሰላ፣ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠን እርስ በርሳችን ካልተደማመጥን ጎረቤታችንን እንዴት እንሰማለን?

በበኩላችን ይህን ወስነናል። ከመካከላችን ሁለቱ ወደ ወንድማችን ቤት ሄደው ይቅርታ ይጠይቁታል። በሚቀጥለው ጉባኤ መጀመሪያ የሚናገረው እርሱ ነው፤ እስኪጨርስ ማንም አያጨበጭብም፣ አያጉረመርምም። በሐሳቡ ላንስማማ እንችላለን፤ ማጉያውም ይገዛ ይሆናል። የሚገዛው ግን እርሱን ከሰማን በኋላ ነው። የአንድን ወንድም ድምፅ አፍነን የገዛነው የድምፅ ማጉያ ምን ሊያሰማልን ነው?

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቅርቡ ሳትሰሙት የተቃወማችሁት ሰው ማን ነው? ሐሳቡን እርሱ ራሱ «አዎን፣ ይህን ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ መልሳችሁ መናገር ትችላላችሁ?

ለ. ክፉ ቃልን ከማይጥም ቃል በምን እንለያለን?

ሐ. ዛሬ የምንጠላው ሰው እንዲታፈን ብንፈቅድ፣ ነገ ለእኛ የሚናገርልን ማን ነው?