ኤሲውን ይንቀሉልኝ

ወልድያ፣ ከሰዓት በኋላ። ወጣቱ ከመርሳ ማንጎ ጭኖ የመጣበትን አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ ጋራዡ በር ላይ አቁሞ ኮፈኑን ከፍቷል። የራዲያተሩ ክዳን ገና ያፏጫል። ሽማግሌው መካኒክ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይህን ኤሲ የሚሉትን ጉድ ይንቀሉልኝ። ገና የዲልብን ዳገት ሳልጀምር ፈላብኝ። ጉልበቷን የሚበላው እሱ ነው ይሉኛል።

ሽማግሌው፦ ማነው የሚልህ?

ወጣቱ፦ ሾፌሩ ሁሉ።

ሽማግሌው፦ አንተስ ታበራዋለህ?

ወጣቱ፦ ወላሂ፣ ከገዛኋት ጀምሮ በርቶ አያውቅም። ጋዝ የለውም መሰለኝ።

ሽማግሌው፦ በል ሞተሩን አስነሳና ና። ይኸውልህ፣ ቺንጋው የሚያዞረው ይህን ፑሊ ነው። ከፊቱ ያለችውን ክብ ብረት እያት፤ ቆማለች አይደል? ኤሲው ሲበራ ማግኔት ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቃታል። ኮምፕሬሰሩ ጉልበት የሚወስደው ያን ጊዜ ነው። አሁን የሚዞረው ባዶ ፑሊ ነው፤ እሱን ብነቅልልህ የምታተርፈው የዝንብ ጉልበት ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ጉልበቷ የት ገባ?

ሽማግሌው፦ ይቺ 3ኤል ናት፤ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌላት። አዲስ ሆና ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ስትወርድ ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይጎድልበታል። ወልድያ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ አስላው። በዚያ ላይ እርጅናው፣ በዚያ ላይ ማንጎህ።

ወጣቱ፦ መፍላቱስ?

ሽማግሌው፦ የስልክህን መብራት አብራና በዚህ አስገባ። ከፊት ያለው የኤሲው ኮንዴንሰር ነው፣ ከኋላው ራዲያተሩ። መካከላቸውን እየው።

ወጣቱ አጎንብሶ አየ። የሁለት ጣት ክፍተት ነበረች፤ አሁን የለችም። አቧራውና የጤፍ እብቁ በዘይት ተለውሶ እንደ ምርጊት ደርቋል። ሽማግሌው በሽቦ ሲጭሩት ብርሃን የምታሳልፍ ክንፍ ይዞ ወጣ።

ሽማግሌው፦ አንበጣ! በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ራያ ቆቦንም ሀብሩንም የወረረው መሆን አለበት። የማሽላውን ነገር ታስታውሳለህ። ይኸው እስካሁን ታጓጉዘዋለህ።

ወጣቱ፦ ኧረ እኔ በየሳምንቱ አሳጥባታለሁ!

ሽማግሌው፦ ከፊት በኩል ነዋ። ውኃው ኮንዴንሰሩን ነክቶ ይመለሳል፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ካላለፈ ራዲያተሩ በምን ይቀዝቅዝ?

ወጣቱ፦ እንግዲያ እኔም ልክ ነበርኩ። ይነቀል!

ሽማግሌው፦ ይነቀላል፤ አንተ ባልኸው ምክንያት ግን አይደለም።

ወጣቱ ቁልፍ አንሥቶ ወደ ቱቦው ሲሄድ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

ሽማግሌው፦ እጅህን! ጋዝ የለውም ያልኸው መሰለኝ ብለህ ነው። ቢኖርስ? የዘመኑ አር-134ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው፤ ጣትህ ላይ ቢረጭ በብርድ ያቃጥልሃል፣ ዓይንህን ቢያገኘው ደግሞ አይጣል ነው። ከአየር ስለሚከብድ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ከሥር የገባ ሰው ትንፋሽ ያጣል። እሳት ከነካው ደግሞ መርዝ ይሆናል፤ ሲጋራህን ወዲያ ጣላት።

ወጣቱ፦ ውጭ አውጥቼ ብለቀውስ? በነው ይጠፋል።

ሽማግሌው፦ አይጠፋም። አንድ ኪሎው ሰማይ ላይ ሆኖ ምድሪቱን የሚያሞቃት ከ1,300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማያንስ ነው። የድሮው አር-12 ደግሞ ኦዞኑን ይበሳል፤ እሱን ለማስቀረት የተፈረመውን የሞንትሪያል ስምምነት ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ገብታበታለች። ጋዝ ካለ፣ መሳቢያ ማሽን ያለው ጋራዥ ወስደህ በዕቃ ታስመጥጠዋለህ። በል ጌጁን አቀብለኝ።

ጌጁ ተገጠመ፤ ቀስቱ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።

ሽማግሌው፦ አሁን ፍታ። መነጽር አድርግ ግን። የቧንቧዎቹን ጫፍ ወዲያው በፕላስቲክ እሰራቸው፤ እርጥበት ከገባ መልሰህ ልትገጥመው ብትፈልግ ዋጋ የለውም።

ወጣቱ፦ ኮምፕሬሰሩንስ?

ሽማግሌው፦ ኩሽኔታው ይጮኻል፤ እሱም ይውጣ። ያንተው ቺንጋ ለብቻው ነው፤ ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም አይነካም። ቺንጋው ሌላ ነገር የሚያዞር ቢሆን ኖሮ አጭር ፈልገን እንለካ ነበር። የማግኔቱን ሽቦ ቆርጠህ አታንጠልጥል፤ ከሶኬቱ ነቅለህ በቴፕ ጠቅልለህ እሰረው። አሁን ደህና አድርገህ ስማኝ። ይህችን ቀጭን ጎማ አየሃት? ኤሲው ሲበራ ሚኒሞውን ከፍ የምታደርገው ናት። ቫኪዩሟን የምታገኘው ከዲናሞው ኋላ ካለው ፓምፕ ነው፤ ፍሬንህን የሚያቀልልህም ያው ፓምፕ ነው።

ወጣቱ፦ ክፍት ብተዋትስ?

ሽማግሌው፦ ሞተሩ ይሠራል፣ አንተም ምንም አይመስልህም። ከዲልብ ቁልቁል ስትወርድ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። በብሎን ድፈንና በማሰሪያ አጥብቃት።

ወጣቱ፦ ክሩስኮቱ ውስጥ ያለው የኤሲው ክፍልስ?

ሽማግሌው፦ እሱን ተወው። የነፋሱ መንገድ በእሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ካወጣኸው ቦታው ክፍት ይሆንና በክረምት መስታወቱን የሚያደርቅልህ ነፋስ ሌላ ቦታ ይባክናል።

ወጣቱ፦ የወጣውን ልሽጠው?

ሽማግሌው፦ አስቀምጠው እንጂ! አንድ ቀን ሚሌ የሚያደርስ ጭነት ስታገኝ ትፈልገዋለህ። አሁን ቱቦውን ሳብና ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠበው፤ ውኃውን አታስጩኸው፣ ላሜራው ይታጠፋል። ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ነው እንግዲህ። ሻዬም ያለ ኤሲ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አስመጣልኝ።