ከቢላዋህ ጀምር

ልጄ፣ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሰህ ሆሳዕና ላይ ቤት መሥራትህን ሰማሁ፤ እሰይ! ጓሮውን ግን ሲሚንቶ ልታለብሰው ነው አሉኝ። ተው። እንሰት ትከልበት።

1. ችግኝ ከገበያ አትግዛ፤ ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም። ከእናትህ ጓሮ የሦስት ዓመት ገደማ ጤነኛ እንሰት ምረጥ። ግንዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ቁረጥና አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን መሐሉን ቦርቡረህ አውጣ። አፈርና ፍግ ሙላበት። በሁለት በሦስት ወር ዙሪያውን ቡቃያ ይፈላል፤ ከአንዱ 50ም ሲወጣ አይቻለሁ።

2. ፍግ አትሰስት። ከቤት የቀረበው እንሰት የሚወፍረው እበቱ፣ አመዱና ጥራጊው እዚያ ስለሚደፋ ነው።

3. አጠውልግ የሚሉት በሽታ ከባክቴሪያ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ እነ ዳኛቸው ይርጉ በ1968 እ.ኤ.አ. ምንነቱን ጽፈው አሳውቀዋል፤ የሚያድን መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ የለውም። ቀድሞ የመሐሉ ቅጠል ይገረጣል፣ ይጠወልጋል። ከጠረጠርህ የቅጠሉን አገዳ ቆርጠህ ጥቂት ጠብቅ። ከቁርጡ ላይ ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ነጠብ ነጠብ ካለ አበቃ። ነቅለህ ቅበረው። መንገድ ላይ አትጣለው፣ ለከብትም አትስጠው።

በራሴ የደረሰ ነው። አንድ ዓመት ለላሞቼ ቅጠል ልቆርጥ ከጎረቤት ቢላዋ ተዋስሁ። ንጹሕ ይመስል ነበር። ቆየት ብሎ እንሰቶቼ በቆረጥሁበት ተራ፣ ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ጠወለጉ፤ 11 ነበሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያደረስሁት እኔው ነኝ። አንተ አንዱን ቆርጠህ ወደ ሌላው ከመሄድህ በፊት ስለቱን እሳት ላይ አግለው፣ ወይም በበረኪና እጠበው። ጎረቤት ይስቃል፤ ይሳቅ።

4. ማዚያ የሚባለው ዝርያ በሽታውን ሻል ብሎ ይቋቋማል። ቢሆንም ጓሮህን በአንድ ዝርያ አትሙላ። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል ሴቶቹን ጠይቅ። እኛ ወንዶች እንተክላለን እንጂ አንፍቅም፤ እውቀቱ እነሱ ዘንድ ነው።

5. ጃርት አለ። እጠር።

6. አትቸኩል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቦታ እያዛወርህ፣ እያራራቅህ ትተክለዋለህ፤ ለመፋቅ የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። የመጀመሪያው ቡላ ሲወጣ ከሱ አታካና አሠራና ላክልኝ። ቅቤው በዛ ይበል።