የንግድ መንገደኛና የጆሮ ጥበቃ

ነጋዴ ሚዛኑንና መዝገቡን እንደሚጠብቅ ሁሉ በጉዞው ጊዜ ጆሮውንም ሊጠብቅ ይገባዋል። የቀረበለትን ሠላሳ ብር ስልሳ ብሎ ሰምቶ «ይሁን» ያለ ሻጭ ኪሳራው የራሱ ነውና።

የድምፅ ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ጆሮ 80 ዴሲቤል የሆነውን ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይታገሣል፤ 90 ሲደርስ ግን ከ4 ሰዓት በላይ ሊሰማ አይገባም። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም።

ስለዚህ መንገደኛው የሚከተለውን ይፈጽም፦

1ኛ/ በአይሮፕላን ሲሄድ ከሞተሩ ፊት ያለውን ወንበር ይምረጥ፤ ለስላሳ የጆሮ መድፈኛም ይያዝ።

2ኛ/ የሞተሩን ጩኸት ለማሸነፍ ሲል የስልኩን ማዳመጫ ድምፅ ከፍ አያድርግ።

3ኛ/ አይሮፕላኑ ሲወርድ ከእንቅልፉ ነቅቶ ማስቲካ ያኝክ፤ ምራቁንም ደጋግሞ ይዋጥ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በመኪና ለሚወርድም ይኸው ይጠቅማል።

4ኛ/ ጉንፋን የያዘው ሰው ከመሳፈሩ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

መስማቱ በድንገት የቀነሰበት መንገደኛ ግን ገበያውን ትቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የመዳን ተስፋው ይቀንሳል።