ከቀያቸው የተፈናቀሉ ተማሪዎችንና ቤተሰቦቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ማላመድ

(ለደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች መምህራን፣ ለወላጅ ኮሚቴዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)

፩. መግቢያ

ድርቅ፣ ሰፈራ ወይም ጦርነት ሕዝብን ከቀየው ሲያነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው እህል፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእህሉ ቀጥሎ የሚመጣው የልጆች ትምህርት ሲሆን፣ ጉዳዩ በዘገየ ቁጥር ጉዳቱ ለመጠገን አዳጋች ይሆናል። አንድ የትምህርት ዘመን ያመለጠው ወንድ ልጅ ለእረኝነት ይቀጠራል፤ ሴቷም ለቤት ሠራተኝነት ትላካለች ወይም ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉትን ልጆች እንዴት ሊቀበሉና ሊያላምዱ እንደሚገባ መዘርዘር ነው።

፪. ካለፈው የሚገኝ ትምህርት

የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእብናት ወረዳዎች በተደጋጋሚ ድርቅ የሚጠቁ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ በእብናት ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ተቋቁሞ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በመጠለያው የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በግዳጅ እንዲወጡ ተደርጎ ጎጆዎቻቸው ተቃጠሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ሰፈራም በዋናነት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ፓዌ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ አዛውሯል። በጥድፊያና በግዴታ በመካሄዱ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ የተለያየበት ብዙ ነበር።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደው ሰፈራ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቤተሰቦች ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ ሄደዋል። ሰፋሪው በትውልድ ቀበሌው ያለው የመሬት ይዞታ ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ተደንግጎ ነበር። ይህ ድንጋጌ ለገበሬው ዋስትና ቢሆንም በተማሪው ላይ ያስከተለው ጣጣ አለ፤ አባት በቆላ እናት በደጋ በሚሆኑበት ጊዜ ልጁ በሁለት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ቀሪ ይሆናል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ከላይ ጋይንትና ከሰሜን ወሎ የሸሹ ቤተሰቦች ደብረ ታቦር ገቡ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለሆነም የሚመጣው ልጅ ቀዬውን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የሁለትና የሦስት ዓመት ትምህርትም አጥቶ ነው።

፫. በአካባቢው የነበረ ሥርዓት

እንግዳ ተማሪን መቀበል ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በጋይንት የቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ ከሩቅ አገር የሚመጡ የቆሎ ተማሪዎችን ለዘመናት ተቀብለዋል። አዲስ መጤው ጎጆ ይሠራል፤ ሕዝቡ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ በደረጃ የላቀው ተማሪም ታናሹን ያስቀጽላል። ምደባውም የሚወሰነው ልጁ በቃሉ በሚያሰማው ትምህርት እንጂ ይዞት በመጣው ወረቀት አይደለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት የቁራሹ ልመና እንዲደገም አንሻም፤ ማስቀጸሉና በችሎታ መመደቡ ግን ዛሬም ይሠራሉ።

፬. መደረግ የሚገባው

ሀ. ምዝገባ። ቤቱ የተቃጠለበት ወይም በሌሊት የሸሸ ሰው መሸኛና የውጤት ካርድ ይዞ ሊመጣ አይችልም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት መንግሥታት ለተፈናቃዮች ትምህርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። እንግዲህ ልጁን አስቀድሞ መመዝገብ፣ ማስረጃውን በኋላ ማፈላለግ ይገባል። ርእሰ መምህሩም «መሸኛሽ የታለ?» ከማለቱ በፊት «እንደምን ዋሉ እናታችን፤ የልጅዎ ስም ማን ይባላል?» ብሎ ቢጀምር ያቺ እናት በማግሥቱ ልጇን ይዛ ትመለሳለች። በተቃራኒው ከበር የተመለሰች እናት ሁለተኛ አትመጣም።

ለ. ምደባ። መምህሩ አጭር ምንባብ ያስነብበው፤ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ያጽፈው፤ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች ይጠይቀው። በዕድሜ የገፋ ልጅ ከሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ኀፍረት ስለሚያስኮበልለው፣ ከክፍል ሰዓት ውጭ ማካካሻ ትምህርት እየተሰጠው ወደ እኩዮቹ መጠጋት አለበት።

ሐ. ቋንቋና ፊደል። ከኦሮሚያ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ የጀመረ እንደሆነ፣ አማርኛ አቀላጥፎ እየተናገረ የግእዙን ፊደል ላያነብ ይችላል፤ የለመደው ቁቤን ነውና። ይህን ልጅ ደካማ ማለት ስሕተት ነው። ማንበብን ያውቃል፤ የሚጎድለው ፊደሉ ብቻ ነው። አንድ ጎበዝ የክፍል ጓደኛ በየቀኑ ቢያስቀጽለው ፊደሉን ከጀማሪ ሕፃን ይልቅ በፈጠነ ጊዜ ይይዛል።

መ. ስያሜ። «ተፈናቃይ»፣ «ሰፋሪ» የሚሉት ቃላት በእርዳታ መዝገብ ላይ ሥራ አላቸው። በክፍል ውስጥ ግን ቅጽል ስም ሆነው ልጁን ያሸማቅቃሉ። ተማሪው በስሙ ይጠራ፤ ከኋላ ወንበር ለብቻው አይቀመጥ። ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ፣ ዝም የሚል ወይም የሚያንቀላፋ ልጅ ያየውን መከራ እንዳየ ይታሰብ እንጂ እንደ ባለጌ አይቀጣ።

ሠ. ኑሮና ቤተሰብ። ከመተማ ቆላ የመጣ ልጅ የጉናን ብርድ በስስ ልብስ አይችለውም፤ ቁርስ ያልበላም ሰሌዳውን አያይም። ስለዚህ የደንብ ልብስ አለመኖር ልጅን ከበር የሚያስመልስ ምክንያት መሆን የለበትም። ወላጆች በቀን ሥራ ስለሚውሉ የወላጆች ስብሰባ በእነርሱ ሰዓት ይደረግ። ከመጤዎቹም አንድ ሰው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ቢመረጥ ችግራቸውን ራሳቸው ያስረዳሉ። ነባሩ ወላጅ ደግሞ ወንበሩና መጽሐፉ ጠበበብኝ ማለቱ አይቀርም፤ ቅሬታው በግልጽ ተሰምቶ ፈረቃ በመጨመር፣ እርዳታውንም ለነባሩና ለመጤው ችግረኛ በእኩል በማደል መፍትሔ ሊሰጠው ይገባል።

፭. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ መጤ ልጆች ስንት ናቸው? ዝርዝራቸውን የያዘውስ ማን ነው?
2. ባለፈው ዓመት በማስረጃ እጦት የተመለሰ ተማሪ አለን? ዛሬ የት ይገኛል?
3. ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ አስቀጻይ የሚሆን ጓደኛ ተመድቦለታልን?
4. ቤተሰቡ ወደ ቀድሞ ቀዬው ሲመለስ ልጁ መሸኛና ካርድ ይዞ መሄዱን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

፮. ማጠቃለያ

ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ የሆነ ቤተሰብ ከአዲሱ ቀዬ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ በልጁ በኩል ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እናት ከጎረቤት እናት ጋር ትነጋገራለች፤ አባትም በስብሰባ ላይ ስሙ ይጠራል። ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ የውጭ እርዳታ እስኪመጣ የሚያስጠብቁ አይደሉም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ መምህሩ፣ ኮሚቴውና ነባሩ ነዋሪ ከተካፈሉት ሥራው ከአቅም በላይ አይሆንም። የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ዝርዝሩን መያዝ የመጀመሪያው ተግባር ይሁን።