የደን ዛፎች ዘር እንዳይጠብ ስለ መጠበቅ

ሁለት ደኖች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዐይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ሁለቱም ጥድ የለበሱ፤ ሁለቱም እኩል የለመለሙ ናቸው። ነገር ግን የአንደኛው ዛፎች ከብዙ ወላጆች የተገኙ፤ የሁለተኛው ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ዛፎች ብቻ ከተለቀመ ዘር የበቀሉ እንደ ሆነ፤ ልዩነቱ በደኅናው ዘመን ሳይሆን በክፉው ቀን ይገለጣል። ድርቅ፤ ተባይ ወይም በሽታ ሲመጣ ከፊተኛው ደን የሚተርፍ ዛፍ አይታጣም፤ በኋለኛው ግን አንዱን ያጠቃው ደዌ ሁሉንም ሊያጠቃ ይችላል።

በአንድ የዛፍ ዐይነት ውስጥ የሚገኘው ይህ በዘር የሚወረስ የባሕርይ ልዩነት የዘር ብዝኀነት ይባላል። አንዱ ዛፍ ውርጭ ይችላል፤ ሌላው ጥማት ይታገሣል፤ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ያድጋል። ዛፍ ደግሞ እንደ እህል በያመቱ የሚታጨድ ስላልሆነ፤ ዛሬ ያለ ምርጫ የተተከለው ለብዙ ዐሥር ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ደንን የሚያስተዳድር ሰው ሊጠብቀው የሚገባው የዛፎቹን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የዘራቸውንም ስፋት ነው።

ለዚህ ነገር ቡና ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ዐረቢካ የተባለው ቡና በተፈጥሮ የሚበቅለው በተለይ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ ነው። ወደ ውጭ አገር የተወሰደው ግን ከዘሩ ጥቂቱ ብቻ ነበር። በ1706 ወደ አምስተርዳም የአትክልት ስፍራ ከገባው ተክል የተራባው ዘር፤ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ለብዙው የቡና እርሻ መነሻ ሆነ። በ1869 ደግሞ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው በሲሎን ደሴት የቡና ቅጠል ዝገት ተነሣ። በእርሻዎቹ ውስጥ በሽታውን የሚቋቋም ዘር አልነበረምና፤ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የደሴቲቱ ቡና ጠፍቶ በሻይ ተተካ።

በኢትዮጵያ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 በኢትዮጵያ ታየ። በሽታው ለጋውን ፍሬ አጥቍሮ የሚያረግፍ ነው። የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ እየተዘዋወሩ፤ በታመሙት መካከል ፍሬያቸው ጤናማ ሆኖ የተገኘውን ዛፎች መርጠው ዘራቸውን ፈተኑ። ከነዚህም ውስጥ በ1974 ከመቱ አካባቢ የተመረጡት፤ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በሽታውን በመቋቋማቸው እስከ ዛሬ ድረስ በሰፊው ይተከላሉ። መድኀኒቱ የተገኘው ልብ ሳይባሉ ከኖሩ ልዩ ልዩ ዛፎች መካከል ነው።

ይሁን እንጂ መድኀኒቱ ራሱ ሌላ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የደን ቡና በሚመረትበት ስፍራ ቍጥቋጦው ይመነጠራል፤ የጥላው ዛፍ ይሳሳል፤ በነባሩ ቡና ፈንታም ጥቂት የተመረጡ ዝርያዎች ይተከላሉ። ምርቱ ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ነባሩ ሁሉ ከተነቀለ፤ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ ምርጫ የሚደረግበት ደን አይገኝም። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ለብዙ ዘመን በጎተራ ስለማይቀመጥ፤ ዛፉ በሕይወት ቆሞ ሊጠበቅ ይገባል። በ2010 የካፋና የያዩ ደኖች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ሆነው መመዝገባቸው ለዚሁ ይረዳል። የእንዲህ ያለ ስፍራ ሥርዓት የመካከሉ ደን ሳይነካ እንዲጠበቅ፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ግን በልክ እንዲጠቀም የሚያደርግ ነው።

የጥድ፤ የዝግባና የኮሶ ነገር ከቡና በአንድ መንገድ ይለያል። የዐረቢካ ቡና አበባ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ በነዚህ ዛፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ዛፎቹ ጥቂት ሆነው ተነጥለው ሲቀሩ ዘመድ ከዘመድ ይዳቀላል፤ ከእንዲህ ያለው ዘር የሚገኘውም ችግኝ ብዙ ጊዜ ደካማ ይሆናል። የደጋው ሕዝብ ጋብቻ ሲያስብ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቈጥር የታወቀ ነው፤ ዛፍ ግን መቍጠር አይችልምና የሚቈጥርለት ሰው ያስፈልገዋል። በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ የቀድሞው ደን ቅሪት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ዘር ለቃሚዎች ለመንገድ የቀረበውን አንዱን ቅጥር ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹን ሊያዳርሱ ይገባል።

በችግኝ ጣቢያና በደን ሥራ ላይ ያሉ ሁሉ የሚከተለውን ቢፈጽሙ ዘሩ ሳይጠብ ይቆያል።

1ኛ፤ ዘር ቢያንስ ከ30፤ ቢቻል ከ50 ዛፎች ይለቀም። ዛፎቹም እርስ በርሳቸው 100 ሜትር ያህል የተራራቁ ይሁኑ። ከየዛፉ እኩል መጠን ተወስዶ ይቀላቀል።

2ኛ፤ በከረጢቱ ላይ ዘሩ የተለቀመበት ስፍራ፤ ከፍታውና ቀኑ ይጻፍ። ችግኙም በከፍታና በዝናም በሚመሳሰል ስፍራ ይተከል።

3ኛ፤ በቈረጣ ጊዜ ቀጥ ያሉትን ሁሉ ቈርጦ ጠማማውን ብቻ መተው፤ ጠማማነትን ለሚመጣው ደን ማውረስ ነው። ስለዚህ ከመልካሞቹ ብዙዎች ለዘር ይቅሩ፤ ወንዴዎቹም ፍሬ አይሰጡም ተብለው አይጨረሱ።

4ኛ፤ ከነባሩ ደን የተወሰነው ክፍል ከብት እንዳይገባበት ተከልክሎ፤ ከወደቀው ዘር በራሱ እንዲተካ ይተው።

በየክረምቱ የተከላ መግለጫ ላይ የችግኙ ቍጥር መጻፉ የተለመደ ነው። ከጎኑም ዘሩ ከስንት ዛፎችና ከየትኛው ስፍራ እንደ ተለቀመ ቢጻፍ፤ ሹሙም ሕዝቡም የተተከለውን ደን ብዛት ብቻ ሳይሆን ክፉ ቀን የመቻል ኀይሉን ጭምር ለመገመት ይችላሉ።