የነዳጅ መለኪያው ሲዋሽ፦ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ የነዳጅ መለኪያ ላኪን ስለ መለወጥ

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ እህል ለተረጂው በወቅቱ የሚደርሰው በመጋዘን ስለ ተከማቸ ብቻ አይደለም፤ የጫነው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ሳይቆም ሲገባ ነው። በ1977 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ እየተጫነ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ወሎ ደጋ ይወጣ ነበር። ዛሬ ጭነቱ በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ወደ ሚሌ ይደርሳል። ወደቡ ቢለወጥም የመንገዱ ጠባይ አልተለወጠም። ሐሩሩ ብርቱ ነው፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ለሚገባ ሾፌር ደግሞ ነዳጅ የሚገኝበት ስፍራ ሩቅ ነው።

ጨርሶ የማይሠራ የነዳጅ መለኪያ ሾፌሩን ጠንቃቃ ያደርገዋል። የሚዋሽ መለኪያ ግን ያዘናጋዋል። በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ መለኪያው በ10 ሊትር ቢሳሳት፣ ሾፌሩ ይደርሳል ብሎ ካሰበበት 50 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ይቆማል። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ችግሩ ይበረታል፤ ነዳጁ ሲያልቅ አየር ወደ መስመሩ ስለሚገባ፣ ነዳጅ ቢጨመርም አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ ይህን ጥፋት ከጉዞ በፊት ማረም የእርዳታው ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ሀ. የመለኪያው አሠራር

መለኪያው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በክሩስኮት ላይ የሚታየው መርፌ ነው። ሁለተኛው ሾፌሮች ሰልባትዮ በሚሉት የነዳጅ ታንክ ውስጥ የሚቀመጠው ላኪ ነው። ላኪው በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ አለው። ነዳጁ ከፍና ዝቅ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ክንዱም በቀጭኑ በተጠመጠመ ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መርፌው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ዘመን ሲቆጠር ሽቦው ይበላል፣ ተንሳፋፊው ይቀደዳል፣ ውሃ የገባበት ነዳጅም ብረቱን ያዝገዋል።

ለ. ጥፋቱን ለይቶ ማወቅ

መካኒኩ ላኪውን ከመፍታቱ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የላኪው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል።

1. የነዳጁና የሙቀቱ መርፌዎች አብረው ከተሳሳቱ፣ ላኪው ሳይሆን ለሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚያካፍለው የቮልት ማስተካከያ ይጠረጠራል።

2. ታንኩ እንደ ተከደነ፣ የነዳጅ ፍሳሽና ሽታ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከላኪው ጫፍ ላይ ሽቦው ይነቀላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሽቦው በትንሽ የክሩስኮት አምፖል በኩል ከመኪናው አካል፣ ማለትም ከማሳ ጋር ለጥቂት ጊዜ ይነካል። መርፌው ከቦታው ከተነሣ ክሩስኮቱና ሽቦው ደኅና ናቸው። በብዙዎቹ ወደ ሙሉ ይሄዳል፤ በአንዳንድ አሮጌዎች ግን ተቃራኒው ነው። አምፖሉ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪኩ በዝቶ መርፌውን እንዳያቃጥለው ነው።

3. የላኪው አካል ከማሳ ጋር መገናኘቱ ይታያል። ዝገትና ቀለም ይህን ግንኙነት ብዙ ጊዜ ያቋርጣሉ። በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ አንድ ተጨማሪ የማሳ ሽቦ ማሰር ብቻውን አዲስ ዕቃ ከመግዛት የሚያድንበት ጊዜ አለ።

ሐ. ጥንቃቄ

ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። ስለዚህ ሥራው ነፋስ በሚያገኘው ሜዳ ላይ በቀን ብርሃን ይሠራ። ሲጋራ፣ ፋኖስና የከሰል ምድጃ በአቅራቢያው አይኑሩ። የእሳት ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ ይዘጋጅ። ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታ። የተቀደደ ተንሳፋፊን በእሳት መበየድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነት የሠራተኛውን ዓይንና እጅ ሊያጠፋ ይችላል።

መ. አለዋወጡ

በአሮጌዎቹ አጫጭር ላንድሮቨሮች ታንኩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ፣ የወንበሩን ትራስና ከሥሩ ያለውን ክዳን በማንሣት ላኪው ይገኛል። በሌሎች ግን ታንኩን ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ነዳጁ ከግማሽ በታች እንዲሆን አስቀድሞ ይቀዳ።

በላኪው ዙሪያ ያለው አቧራና ጭቃ በሚገባ ይጠረግ፤ ወደ ታንኩ የወደቀ አሸዋ ኋላ የነዳጁን መስመር ይዘጋልና። የተቀመጠበት አቅጣጫ ምልክት ይደረግበት። ብሎኖቹ በካቻቢቴ ከተፈቱ በኋላ ላኪው ጋደል እየተደረገ፣ ክንዱ ሳይጣመም በዝግታ ይውጣ። ቀዳዳው ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።

አዲሱ ላኪ ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ የክንዱ ርዝመትና አቅጣጫ ይመዘን። ከመርፌው ጋር የማይስማማ ላኪ አዲስ ቢሆንም ይዋሻል። ከታንኩ ራቅ ብሎ በቴስተር ሲለካ፣ ክንዱ ከታች ወደ ላይ ሲነሣ ቁጥሩ ሳይዘልና ሳይቋረጥ ቀስ በቀስ መለወጥ አለበት። ከዚያ ነዳጅ የማይበላው አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ፤ ብሎኖቹ ፊት ለፊት እየተፈራረቁ በመጠኑ ይጥበቁ። ሽቦዎቹ ከተያያዙ በኋላ የባትሪው ገመድ በመጨረሻ ይታሰር።

ሠ. ማመሳከር

ሥራው በዚህ አያበቃም። ታንኩ በ20 ሊትር ጀሪካን እየተለካ ይሞላ፤ በየጀሪካኑ መርፌው የቆመበት ቦታ በወረቀት ተጽፎ በክሩስኮቱ ላይ ይለጠፍ። የነዳጅ ማስገቢያው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ንጹሕና ደረቅ እንጨት ታንኩ ውስጥ እየገባ በዚያው መጠን ምልክት ይደረግበት። ይህ በትር ከመኪናው አይለይ፤ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ምስክር ነው። የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥርም በመኪናው መዝገብ ይግባ፤ ተተኪው ሾፌር መለኪያውን ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ያውቅ ዘንድ።

ላኪው ትንሽ ዕቃ ነው። ነገር ግን በማከፋፈያው ጣቢያ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሕዝብ፣ መኪናው የቀረበትን ምክንያት አያውቅም፤ የሚያውቀው አለመድረሱን ብቻ ነው።