እኔ ኒያዬን፣ አባቴ ጉዳቱን



በ19 ዓመቴ አንድ ሌሊት የታመመ ጓደኛዬን በአባቴ መኪና ሆስፒታል ሳደርስ የቆመ የሰው መኪና ገጨሁ። ቸኩዬ ስለነበር ሳልቆም አለፍኩ። ቤት ገብቼ ስነግረው አባቴ ስለ ጓደኛዬ አልጠየቀኝም። «የሰውየው መኪናስ?» አለኝ። «ኒያዬ እኮ ጥሩ ነበር!» አልኩት። ሰው ሲያረጅ ልቡ ይደርቃል ብዬም አዘንኩበት።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እድሜ አመዛዘናችንን ይለውጣል። አንዳንድ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አረጋውያን የሰውን ጥፋት ሲመዝኑ ከወጣቶች ይልቅ ለደረሰው ጉዳት ክብደት ይሰጣሉ፤ ወጣቶች ደግሞ ለሐሳቡ ያደላሉ። ታዲያ ትክክሉ ማን ነው?

ዲናችን ሁለቱንም ይጠይቃል። ሥራ በኒያ እንደሚለካ ሁላችንም እናውቃለን። ዑለማዎች ግን የሰውን ንብረት በስህተት ያበላሸ ሰው ወንጀል ባይጻፍበትም ካሳው እንደማይቀርለት ያስተምራሉ። የኔው ደግሞ ባሰ፤ መግጨቴ ስህተት ቢሆን እንኳ ጥዬ መሄዴ ስህተት አልነበረም።

በሱረቱል አንቢያእ (21፡78-79) የነቢዩ ዳውድና የልጃቸው የነቢዩ ሱለይማን (ዐለይሂመ ሰላም) ታሪክ አለ። በጎች በሌሊት የሰው እርሻ ገብተው አጠፉ። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት፣ ዳውድ በጎቹ ለእርሻው ባለቤት እንዲሰጡ ፈረዱ። ሱለይማን ግን፣ «የበጎቹ ባለቤት እርሻውን እንደነበረ እስኪመልስ ድረስ ባለ እርሻው በወተታቸውና በሱፋቸው ይጠቀም፤ ከዚያ ሁሉም ንብረቱን ይረከብ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አላህ ፍርዱን ለሱለይማን እንዳሳወቃቸው፣ ለሁለቱም ግን ጥበብንና እውቀትን እንደሰጠ ይነግረናል። ልጅ የተሻለውን አየ፤ የአባት ክብር ግን አልተነካም። ልጁም ቢሆን ጉዳቱን አልዘለለም፤ የሚጠገንበትን መንገድ ነው ያመጣው።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ሄደን ባለ መኪናውን አገኘነው። ከደሞዜ ከፈልኩ። ስንመለስ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ጓደኛህስ ተሻለው?» አለኝ።

ወላጆቻችሁ ሲቆጡ «አይገባቸውም» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሰውን ሐቅ መልሱ፤ ከዚያ ኒያችሁን በአደብ አስረዱ። ያኔ እነሱም ይሰሟችኋል።

አላህ ኒያችንንም ሥራችንንም ያሳምርልን። አሚን።